ከዛፍ ላይ የተለቀመ ሊከን፣ የአይጥ እግርና የሰው ጉበት

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የፋርማኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስፍረው። (ሊከን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት፣ ዛፍ ወይም መሬት ላይ የሚበቅል አካል ነው።)

«ለመመረቂያ ጽሑፌ ኡስኒያ የተባለውን ሊከን ከጽድ ዛፍ ላይ ሰብስቤ በ80 በመቶ ሜታኖል ኤክስትራክት (በፈሳሽ የወጣ ንጥር) ሠራሁ። ለአይጦች በኪሎ ክብደታቸው 2000 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ በአፍ ሰጥቼ 14 ቀን ተከታተልኩ። አንድም አልሞተም። ቀጥዬ በ100፣ በ200 እና በ400 ሚሊ ግራም በካራጂናን የእግር እብጠት ፈተና ሠራሁ። 400ው እብጠቱን ኢንዶሜታሲን ከተባለው የእብጠት መድኃኒት ባልተናነሰ ቀነሰው። ኤክስትራክቱ ውጤታማ ነው፣ ደህንነቱም የተጠበቀ ነው ብዬ መደምደም እችላለሁ? ሌላም አለ። እናቴ ጉልበቷን በጣም ያማታል። ውጤቱን ስነግራት ‹እኔም አፍልቼ ልጠጣው› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ከእናትሽ ልጀምር፤ የእሷ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም። አትጠጣው። ዛሬውኑ ንገሪያት። ኡስኒያ ውስጥ ኡስኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጤነኛ የነበሩ ሰዎችን ጉበት እንደጎዳ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል፤ ዝርዝሩን ከታች እመጣበታለሁ። ኡስኒክ አሲድ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ስለዚህ ፈልቶ የተጠለለው ውሃ ብቻውን ብዙ ላይዝ ይችላል። ግን እኛ ጋ የባህል መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ታውቂያለሽ። አተላው አብሮ ይጠጣል። ዱቄቱ በማር ይለወሳል። ያኔ ወደ ሆድ የሚገባው መጠን በጣም ይጨምራል።

ጀምራው ከሆነ ታቁም። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ የምግብ ፍላጎቷ ከጠፋ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማት ሳታሳድሪ ጤና ተቋም ውሰጃት። ምን እንደጠጣች በግልጽ ይነገር፤ ሊከኑንም ይዛችሁ ሂዱ። የጉበት ምርመራ ይሠራላት። የቲቢ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ኢሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን ራሳቸው ጉበት ላይ ጫና አላቸው። ለጉልበቷ ሐኪም ይያት። በዕድሜ የመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስና የሚቀባ ዲክሎፌናክ ብዙ ሰው ረድተዋል። እነዚህ በሰው ላይ ተፈትነው የታዩ ናቸው።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። ከአሠራርሽ እንደምረዳው የተከተልሽው የኦኢሲዲን፣ የኬሚካል ፈተና መመሪያ የሚያወጣውን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ መመሪያ ቁጥር 425 ነው። በዚህ መመሪያ የ2000 ሚሊ ግራም ገደብ ፈተና የሚጠይቀው አምስት እንስሳት ነው። መጀመሪያ አንዷ ትወስዳለች። ከተረፈች ሌሎቹ አራቱ ይከተላሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተረፉ «ኤልዲ50 ከ2000 ይበልጣል» ተብሎ ይጻፋል። ልብ በይ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቢሞቱ እንኳ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር «ደህንነቱ የተረጋገጠ» ብሎ መተርጎም በየመመረቂያ ጽሑፉ የማየው ልማድ ነው። በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከጽሑፍ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሰው አፍ ለመግባት ብዙ አይፈጅበትም።

ኤልዲ50 ከእንስሳቱ ግማሹን የሚገድለው መጠን ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1927 ያመጣው እንግሊዛዊው ጆን ትሬቫን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትሬቫን የነበረበት ችግር ሌላ ነበር። እንደ ዲጂታሊስና ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች ጉልበታቸው ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያይ ነበር፤ መለኪያ ፈለገላቸው። ለወራት የሚወሰድ ነገር ጉበት ይጎዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ የተሠራ አይደለም። ብዙ እንስሳት ይፈጅ የነበረው የድሮው መመሪያ 401 በ2002 ተሰርዟል። ያንቺው 425 እሱን ከተኩት አንዱ ነው። የሚሞቱትን እንስሳት ቁጥር ቀነሰ፤ ጥሩ አደረገ። የሚመልሰው ጥያቄ ግን ያው አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ይገድላል?

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ለአይጥ በአፍ የሚሰጥ ንጹሕ ኡስኒክ አሲድ ኤልዲ50ው በኪሎ 838 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጠቀሳል። በደም ሥር ከተሰጠ 25 ብቻ ነው። በኡስኒያ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ይለያያል፤ ከደረቅ ክብደቱ ከ1 በመቶ በታች እስከ 6 በመቶ ገደማ ተለክቷል። ያንቺ ኤክስትራክት 5 በመቶ ይዟል እንበል። 2000 ሚሊ ግራም ኤክስትራክት ሰጠሽ ማለት 100 ሚሊ ግራም ኡስኒክ አሲድ ሰጠሽ ማለት ነው። ከ838 በጣም ይርቃል። አይጦቹ እንደማይሞቱ ፈተናው ሳይጀመር በወረቀት ላይ መገመት ይቻል ነበር።

ይህንኑ 100 ሚሊ ግራም ወደ ሰው እንለውጠው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ በ2005 ባወጣው መመሪያ መሠረት የአይጥ መጠን በ12.3 ይካፈላል። ራት ለሚባሉት ትልልቆቹ አይጦች ማካፈያው 6.2 ነው። 100 ለ12.3 ሲካፈል 8 ገደማ ይመጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 500 ሚሊ ግራም ይጠጋል።

ቁጥሩን ይዘሽ ቀጥይ። በ2004 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ። የ28 ዓመት ሴት ክብደት ለመቀነስ ብላ ንጹሕ ኡስኒክ አሲድ በቀን 500 ሚሊ ግራም ወሰደች። የወሰደችው ለሁለት ሳምንት ነው። ጉበቷ ሥራ አቆመ፤ የዳነችው በንቅለ ተከላ ነው። ያንቺ አይጦች ይህን የሚመጥን መጠን አንድ ቀን ወስደው በሕይወት ቆዩ። እሷ ግን በየቀኑ ትወስድ ነበር። ሰዎች ለጉልበት ሕመም ሊከን ቢጠቀሙ እነሱም የሚወስዱት በየቀኑ ነው።

ይህ የአንዲት ሴት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሊፖኪኔቲክስ የሚባል የክብደት መቀነሻ ይሸጥ ነበር። ሶዲየም ኡስኒየት፣ ማለትም የኡስኒክ አሲድ ጨው፣ ከካፌይንና ከሌሎች ነገሮች ጋር ተቀላቅሎበታል። ኤፍዲኤ በኅዳር 2001 ሕዝቡ እንዳይወስደው አስጠነቀቀ። በቀጣዩ ዓመት የጉበት ጉዳት የደረሰባቸው የሰባት ሰዎች ታሪክ በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሁሉም ቀድሞ ጤነኞች ነበሩ፤ ሲያቆሙት አገገሙ። እርግጥ ነው፣ ድብልቅ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ ኡስኒክ አሲድ ላይ መጫን አይቻልም። ንጹሑን የወሰደችው ሴት ታሪክ ክብደት የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ለምን ጉበት ይጎዳል? ኡስኒክ አሲድ የማይቶኮንድሪያን፣ የሴልን የጉልበት ማመንጫ፣ ሥራ ያዛባል። ሴል ምግብን አቃጥሎ የሚያገኘውን ጉልበት በኤቲፒ መልክ ያስቀምጣል። ይህ እንዲሆን በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ግራና ቀኝ የሃይድሮጂን አየኖች ልዩነት መጠበቅ አለበት። ኡስኒክ አሲድ ቅባት ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ አየኖቹን ተሸክሞ ሽፋኑን ይሻገርና ልዩነቱን ያፈርሰዋል። ቀበቶው የወለቀ ወፍጮ አስቢ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ ዱቄት ግን የለም። ሴሉ ኦክስጂን ይጨርሳል፣ ሙቀት ያመነጫል፣ ኤቲፒው ይወርዳል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረው ዳይኒትሮፌኖልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰው ገድሎ በ1938 ታገደ።

ዋናው ነገሬ እዚህ ጋ ነው። ይህ ማይቶኮንድሪያን የማዛባት ባሕርይ ጉበት ላይ ብቻ አይቆምም። ብግነት፣ ማለትም መቅላት፣ ማበጥና ሕመም የሚያመጣውን የሰውነት ምላሽ፣ የሚያካሂዱት ሴሎችም ለመጓዝ፣ ለመባዛትና ኬሚካል ለመርጨት ኤቲፒ ይፈልጋሉ። ጉልበታቸው ሲነጠቅ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። እብጠቱም ይቀንሳል። ስለዚህ 400 ሚሊ ግራሙ ላይ ያየሽው ውጤትና ለጉበት የምንፈራው ጉዳት የአንድ ሞለኪውል ሁለት ገጽታ ሊሆኑ ይችላሉ። ነው እያልኩሽ አይደለም። ያንቺ መረጃ ግን ይህን አማራጭ አያስወግደውም፤ መደምደሚያሽ እንዲጸና ደግሞ መወገድ አለበት።

የካራጂናን ፈተናን አውቃለሁ፤ እወደዋለሁም። ከቀይ የባሕር አረም የሚገኘው ካራጂናን በ1 በመቶ መጠን የእግር መዳፍ ሥር ይወጋል፤ የእግሩ ይዘት በፕሌቲስሞሜትር በየሰዓቱ ይለካል። ዊንተርና ባልደረቦቹ በ1962 በራት ላይ ካስተዋወቁት ወዲህ በየአገሩ የሚሠራበት ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው። እብጠቱ በምዕራፍ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን ይመራሉ። ብራዲካይኒን ይከተላል። ከሦስተኛው ሰዓት ገደማ ጀምሮ በኮክስ-2 ኢንዛይም የሚመረቱት ፕሮስታግላንዲኖች ይበረታሉ። ኢንዶሜታሲን ጉልበቱን የሚያሳየው በዚህ ዘግይቶ በሚመጣው ምዕራፍ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ፐርሰንት ብቻ አትዪ። የየሰዓቱን መስመር ሣይው። ኤክስትራክትሽ እንደ ኢንዶሜታሲን ዘግይቶ የሚሠራ ከሆነ ፕሮስታግላንዲንን መጠርጠር ያስኬዳል። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሁሉንም እኩል የሚጫን ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። እንስሳዋ ራሷ ደክማ ይሆን? የታመመች አይጥ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ የእግሯ የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ፈሳሽም በበቂ ወደ እግሯ አይወጣም። እብጠቷ ትንሽ ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ «ፀረ-ብግነት» ተብሎ ይመዘገባል። የተጨነቀች አይጥም እንዲሁ ናት። ከአድሬናል እጢዋ ኮርቲኮስቴሮን ትረጫለች፤ እሱም ራሱ ብግነት ይቀንሳል። ኤክስትራክቱን ሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ ለሚሰጡ ደግሞ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሆድ ዕቃን የሚያስቆጣ ማንኛውም ነገር የእግር እብጠትን ይቀንሳል። አንቺ በአፍ መስጠትሽ ከዚህኛው በአብዛኛው አድኖሻል።

ይህን ማጣራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኤክስትራክቱን ከመስጠትሽ በፊትና ከሰጠሽ በኋላ በየሰዓቱ የሰውነት ሙቀታቸውን ለኪ። ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም የሚነግርሽ ነገር አለ። በክፍት ሣጥን ውስጥ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ቁጠሪ። በማግስቱ የበሉትን መዝኚ። 400 ላይ ሙቀታቸው ካልተነቃነቀ፣ እንደ ልማዳቸው ከተዘዋወሩና ከበሉ ያየሽው የእብጠት መቀነስ ብዙ ይጠነክራል። ካልሆነ ግን ሌላው ሁሉ ከመቀጠሉ በፊት ማወቅሽ ይሻላል።

«ከኢንዶሜታሲን ባልተናነሰ» ያልሽውን ግን አስተካክይው። በየቡድኑ ስድስት አይጥ ይዞ በሁለት ቡድኖች መካከል የስታቲስቲክስ ልዩነት አለማግኘት ቀላል ነው። ልዩነት አለማግኘትና እኩል መሆን አይገናኙም። «ከመቆጣጠሪያው ቡድን (ኤክስትራክቱን ካልወሰደው) ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል» ብለሽ መጠኑን ከነስህተት ወሰኑ ጻፊ፤ ይበቃል። እግሩን የለካው ሰው የትኛዋ አይጥ ምን እንደወሰደች ያውቅ ነበር? እንስሳቱ ወደየቡድኑ የተመደቡት በዕጣ ነው? ፕሌቲስሞሜትር ላይ እግሩ የሚጠልቅበት ልክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀለም ምልክት ካልተደረገበት የለካው እጅ ተስፋ ያደረገውን ቁጥር ሳያውቀው ሊያመጣ ይችላል። በ2020 የታደሰው አራይቭ የተባለው የእንስሳት ምርምር አጻጻፍ መመሪያ እነዚህ ሁሉ እንዲጻፉ ይጠይቃል። ብዙ ደህና መጽሔቶችም እንዲከተሉት ይጠይቃሉ።

ወደ ኤክስትራክቱ እንመለስ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ጉድለት ያለው እዚህ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርሽኝም። ፍላቮኖይድ አለ፣ ታኒን አለ፣ ሳፖኒን አለ የሚለው የቀለም ምርመራ ለዕፅዋት የተለመደ ነው። ሊከን ግን ዕፅ አይደለም። ፈንገስና አልጌ፣ አንዳንዴም ሳያኖባክቴሪያ፣ አብረው የሚሠሩት አካል ነው። መድኃኒታዊ የምንላቸው አሲዶች አብዛኞቹ የሚመረቱት በፈንገሱ ነው፤ በዕፅዋት ውስጥ ፈልገሽ የማታገኚያቸው ናቸው። ኡስኒክ አሲድ፣ ዲፍራክታይክ አሲድ፣ ኤቨርኒክ አሲድ፣ ሎባሪክ አሲድ፣ አትራኖሪን። በቀላሉ የሚታዩት ንጥረ ነገሮችን በሚለያየው በቲኤልሲ ሳህን ነው። የሚለኩት ለይቶ መጠናቸውን በሚያሳየው መሣሪያ በኤችፒኤልሲ ነው። የንጹሕ ኡስኒክ አሲድ ናሙና ገዝቶ ማወዳደሪያ ማድረግ ከባድ ወጪ አይደለም።

ዝርያውን መለየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ኡስኒያ የወገኑ ስም ነው፤ በውስጡ ብዙ ዝርያዎች አሉ፣ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። የሊከን ባለሙያዎች ቅርጹን፣ የቀለም ጠብታ ፈተናውንና የቲኤልሲ ውጤቱን አንድ ላይ አይተው ነው ስም የሚሰጡት። ናሙናሽን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤት አስመዝግበሽ ቁጥር ያዢ። ይህ ካልሆነ ሌላ ተመራማሪ ሥራሽን ሊደግመው አይችልም።

80 በመቶ ሜታኖልም ያሳስበኛል። እኛ አገር በየላቦራቶሪው የሚወሰድ መነሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለብዙ ቅጠላ ቅጠል ይሠራል። የሊከን አሲዶች ግን አሴቶን ውስጥ በጣም የተሻለ ይወጣሉ። ውሃ የበዛበት ሜታኖል ስኳርና ጨው ሰብስቦ ኡስኒክ አሲዱን በከፊል ሊተወው ይችላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። ያንቺ ኤክስትራክት «ደህና» ቢሆን እንኳ ሌላው ሰው በአልኮል ወይም በዘይት የሚያዘጋጀው ደህና ነው ማለት አይቻልም።

አንድ የላቦራቶሪ ነገር አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ችላ ይለዋል። ደረቁን ኤክስትራክት ከውሃ ጋር በሚያዋህደው በ2 በመቶ ትዊን 80 በጥብጠሽ ስትሰጪ የማይሟሟው ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል። እያንዳንዷን አይጥ ከማጠጣትሽ በፊት ካልነቀነቅሽው የመጀመሪያዎቹ ውሃውን፣ የመጨረሻዎቹ ዝቃጩን ይወስዳሉ። ሁሉም 400 ተብለው ይመዘገባሉ። በአንድ ቡድን ውስጥ የቁጥሮቹ መራራቅ ካስገረመሽ መጀመሪያ የምትመረምሪው ይህን ነው።

የሰበሰብሽበት ቦታም ይጻፍ። ሊከን ሥር የለውም፤ ሰም መሳይ መከላከያ ቆዳም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአቧራ ነው። በአየር ውስጥ ያለውን እርሳስና ካድሚየም ያከማቻል። በብዙ አገሮች የአየር ብክለት መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1986 የቼርኖቤል አደጋ ሲደርስ ኖርዌይና ስዊድን ውስጥ ሊከን የበሉ አጋዘኖች ሥጋ በሲዚየም ተበክሎ ሳሚ የሚባሉት አርቢዎች ለዓመታት ተቸግረዋል። ያንቺ ጽድ ከእንጦጦ መንገድ ዳር ከሆነ ወይም መኪና ከሚበዛበት ሌላ ቦታ፣ ኤክስትራክቱን ለእርሳስ ሳታስመረምሪ ስለ ጉበትም ስለ ደምም ምንም ማለት ይከብዳል። ሌላም አለ። አብዛኛው ሊከን በዓመት የሚያድገው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። አንድ ኪሎ ለቅመን ከዛፍ ላይ ያራቆትነውን የሚተካው ረጅም ጊዜ ነው። የሚያስፈልግሽን ያህል ብቻ ውሰጂ፤ ብዙውን ከወደቀ ቅርንጫፍ ሰብስቢ።

የደህንነት ጥያቄውን በእውነት መመለስ ከፈለግሽ የሚቀጥለው ደረጃ የኦኢሲዲ መመሪያ 407 ነው። 28 ቀን በየቀኑ መስጠት። አንድ መቆጣጠሪያና ሦስት የመጠን ቡድኖች፤ በየቡድኑ ቢያንስ አምስት ሴትና አምስት ወንድ፣ በአብዛኛው ራት። ከፍተኛው መጠን ጉዳት የሚታይበት፣ ዝቅተኛው ምንም የማይታይበት እንዲሆን ይመረጣል። ብዙ ጽሑፎች ሦስቱንም መጠን ጉዳት ከማያሳየው አካባቢ ይመርጣሉና «ጉዳት የለም» ብለው ይጨርሳሉ። እኔ የምፈልገው ጉዳቱ የሚጀምርበትን ቦታ እንድታገኚው ነው። ጉዳቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር ያልታወቀ ነገር ለሰው የሚሆን መጠን ሊወጣለት አይችልም።

ምን ይለካ? ክብደት በየሳምንቱ፣ ምግብና ውሃ፣ የደም ቆጠራ፣ ለጉበት ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልፒና ቢሊሩቢን፣ ለኩላሊት ዩሪያና ክሬአቲኒን። ደሙ ሲቀዳ ቀይ የደም ሴል ከፈነዳ ኤኤስቲ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ሮዝ የሆነውን ሴረም አትጠቀሚ። ጉበት ይመዘን፣ ከሰውነት ክብደት ጋር ይነጻጸር። በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አይነገረው።

እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ክሬአቲን ካይኔዝ (ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) እና የጡንቻ ናሙና። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በ2004 የብርድ ወራት አሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ሬድ ሪም በሚባል አካባቢ ኤልክ የተባሉት ትልልቅ አጋዘኖች መቆም አቅቷቸው መሬት ላይ ተኝተው ተገኙ። ከ400 በላይ አለቁ። ሆዳቸው ውስጥ ዛንቶፓርሜሊያ ክሎሮክሮአ የተባለ መሬት ላይ የሚበቅል ሊከን ተገኘ። እሱም ኡስኒክ አሲድ አለው። የተጎዳው ጉበታቸው ሳይሆን ጡንቻቸው ነበር። በኋላ በጎች ንጹሕ ኡስኒክ አሲድ ሲሰጣቸው እነሱም በጡንቻ ድካም ተያዙ። የተሰጣቸው መጠን ከፍተኛ ስለነበር በኤልኮቹ ላይ ሌሎች የሊከኑ ንጥረ ነገሮችም ድርሻ ሳይኖራቸው አልቀረም።

ሰው ላይ ጉበት፣ በግና ኤልክ ላይ ጡንቻ። ሞለኪውሉ አንድ ሆኖ የሚመታው አካል እንደ እንስሳው ይለያያል። በአንድ ዝርያ፣ በአንድ ፆታ፣ በአንድ መጠን ያየሽውን ወደ ሰው በቀጥታ መውሰድ የማልደግፈው ለዚህ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥነ መርዝ ፕሮግራምም ንጹሑን ኡስኒክ አሲድና ኡስኒያ ሊከንን ለየብቻ፣ በራትም በአይጥም፣ ለሦስት ወር ፈትኗል። ያን ያህል የደከሙት ጥያቄው ቀላል ስላልሆነ ነው።

ተስፋ እንዳላስቆርጥሽ። ሊከን ውስጥ እውነተኛ ነገር አለ። ዲፍራክታይክ አሲድና ኡስኒክ አሲድ በአይጥ ላይ ሕመምና ትኩሳት እንደሚቀንሱ ጃፓኖች በ1995 አሳትመዋል። ሕንዶች በ2000 ሮቼላ ሞንታኜይ ከተባለ ሊከን ያወጡት ኡስኒክ አሲድ የራትን የእግር እብጠት እንደቀነሰ ጽፈዋል። አይስላንድ ውስጥ ሎባሪክ አሲድ 5-ሊፖክሲጂኔዝ የሚባለውን የብግነት ኢንዛይም እንደሚገታ ታይቷል። ሴትራሪያ ኢስላንዲካ የሚባለው ሊከን በአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በኩል ለደረቅ ሳልና ለጉሮሮ መከርከር በባህላዊ መድኃኒትነት እውቅና አለው። እዚያ የሚሠራው በዋናነት የሚያለሰልሰው ፖሊሳካራይድ ነው። በሌላ በኩል ሌታሪያ ቩልፒና የሚባለው ሌላ ሊከን ስካንዲኔቪያ ውስጥ ተኩላ መመረዣ ነበር። «ሊከን» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ፈውስም ስለ መርዝም ምንም አይነግረንም።

ቀሪ ኤክስትራክትና ጊዜ ካለሽ እኔ በአንቺ ቦታ የምሠራው ፈተና ይህ ነው። ኤክስትራክቱን ለሁለት እከፍላለሁ። ከአንዱ ክፍል ኡስኒክ አሲዱን ንጥረ ነገሮችን በሚለየው በአምድ ክሮማቶግራፊ አስወግዳለሁ፤ መውጣቱን በኤችፒኤልሲ አረጋግጣለሁ። ከዚያ አራት ቡድን ይኖረኛል፤ ሙሉው ኤክስትራክት፣ ኡስኒክ አሲድ የወጣለት፣ በሙሉው ውስጥ ያለውን ያህል ንጹሕ ኡስኒክ አሲድ፣ እና ትዊኑ ብቻ። ኢንዶሜታሲንን ለማወዳደሪያ እጨምራለሁ። ኡስኒክ አሲድ የወጣለት ክፍል አሁንም እብጠት ከቀነሰ ትልቅ ነገር አግኝተሻል፤ ጉበት ላይ የምንፈራው ነገር ሳይኖር የሚሠራ ሌላ ንጥረ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ካልቀነሰ ደግሞ ውጤትሽን የሠራው የትኛው እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱም ይታተማሉ።

እንስሳ ከመጨመርሽ በፊት ግን የኬሚካል ሥራው ይቅደም። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት መርህ፣ መተካት፣ መቀነስና ሥቃይን ማቅለል፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ፎርም ብቻ የሚጻፍ አይደለም። 5 በመቶ ነው ወይስ 0.1 በመቶ ብሎ አንድ ናሙና መለካት ብዙ እንስሳ ያተርፋል። ገንዘብ ካጠረሽና በሴል ላይ ከጀመርሽም ተጠንቀቂ። ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ ማምረት ሲቀንሱ ብግነቱ ተገታ ይባላል፤ የሚሞት ሴልም ማምረት ያቆማል። ሴል በሕይወት መኖሩን የሚያሳየው የኤምቲቲ ፈተና የሚለካው በአብዛኛው የማይቶኮንድሪያን ሥራ ስለሆነ ኡስኒክ አሲድ ሲኖር ብቻውን አይታመንም። ሴል ሲጎዳ የሚወጣው ኤልዲኤች ኢንዛይም መፍሰሱንም አብረሽ ለኪ።

የመመረቂያሽ ጊዜ ደርሶ ከዚህ ሁሉ ምንም መጨመር ካልቻልሽ ደግሞ መደምደሚያሽን እንዲህ ጻፊው፤ «የኡስኒያ 80 በመቶ ሜታኖል ኤክስትራክት በኪሎ 400 ሚሊ ግራም በካራጂናን የተነሳ የአይጥ እግር እብጠትን ቀንሷል። በአንድ ጊዜ በአፍ ሲሰጥ ኤልዲ50ው ከ2000 ሚሊ ግራም ይበልጣል። የኡስኒክ አሲድ መጠኑ አልተለካም፣ ተደጋጋሚ አወሳሰድ አልተፈተነም፤ ስለዚህ ለሰው አይመከርም።» አማካሪሽ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጪው ካሉሽ የ28 ዓመቷን ሴት ዘገባ አሳዪያቸው።